ያገለገለ አይሱዙ ከኮምቦልቻ ገዝቶ በጣርማበር በኩል ደብረ ብርሃን ማስገባት

ሜዳ ላይ እንከን የማይወጣለት አሮጌ አይሱዙ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ አርማንያ ሲያቀና ጉዱ ይወጣል። ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመካከሉ ያለው ዳገት ራዲያተሩን፣ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) እና የናፍጣውን መስመር አንድ በአንድ ይፈትናል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ፣ ከሎጊያ ወይም ከዚያ ወዲያ መኪና ገዝታችሁ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ እነዋሪ የምታስገቡ ከሆነ፣ ገና ዋጋ ሳትነጋገሩ ይህን ዳገት አስቡ። የምንናገረው በአብዛኛው አነስ ስላለው የአይሱዙ ጭነት መኪና፣ ስለ ኤን ፒ አር ነው፤ ከፍሬኑ በቀር ብዙው ከፍ ላለው ለኤፍ ኤስ አርም ይሠራል።

ወረቀቱ ይቅደም

መካኒክ ከመጥራታችሁ በፊት የሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) ኮፒ ይዛችሁ ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት ወይ? ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው ወይ? የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከፋይሉ ጋር ይገጥማል ወይ? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርላችሁም፤ ዋጋው ከገበያው ረከስ ብሎ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የሻንሲ ቁጥሩን በዓይን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ቦታውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሲደርቅ ስስ ወረቀት ለጥፉበትና እርሳሱን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ፋብሪካ የመታው ቁጥር እኩል ጥልቀትና እኩል ርቀት ይዞ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። አንዱ አሃዝ ጠለቅ ሌላው ዘመም ካለ፣ ወይም ዙሪያው ተሞርዶ ብረቱ ከሳሳ፣ ሌላ ነገር ሳትጠይቁ ተዉት። ሞተሩ የተቀየረ መሆኑ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ አዲሱ ቁጥር ግን ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት።

ስም ሳታዞሩ በውክልና ጨርሱ የሚል ደላላ አይጠፋም። አትስሙት። ውክልና ሰጪው ሲሞት ያበቃል፣ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል፤ ያኔ መኪናው እጃችሁ ላይ፣ ባለቤትነቱ ሌላ ሰው ስም ላይ ይቀራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈርም፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ለኮድ 3 (ለንግድ) መኪና የግብር ክሊራንስም ይጠየቃል። ለስም ማዛወሪያ የሚከፈለውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የደላላውንም ኮሚሽን እንዲሁ። ቀብድ ከሰጣችሁ ቀብድ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፣ ሰጪው ከቀረ ገንዘቡን ያጣል። ቀሪውን ፊርማው በሚያልቅበት ዕለት በባንክ አስተላልፉ።

ምርመራው በማለዳ

ሻጩን ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። የደከመ ሞተር የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ወዲያው ከጠፋ ደህና ነው። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ይበላል። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንተከተከ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ሥር ያለው ጋርኒሲዮን ተበልቷል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንፋሹ ክዳኑን ካዘለለው የፒስተን ፋሻው አልቋል፤ ይህ ሙሉ የሞተር እድሳት ስለሆነ ከዋጋው ላይ ጥቂት ብር በማስቀነስ አይካካስም።

ለፍሪሲዮኑ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ዲስኩ አልቋል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። የእግር ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡና አንድ ደቂቃ ያዙ፤ ፔዳሉ እየሰመጠ ከወረደ ወይ መስመሩ ያፈሳል ወይ ዋናው ፓምፕ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ተበልቷል። ኤፍ ኤስ አር ከሆነ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ጠብቁ፣ ሞተሩን አጥፉና የአየሩን ጌጅ ተመልከቱ፤ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ የሚተነፍስ ቦታ አለ።

ሻንሲውን ከጋቢናው ጀርባና ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ) በሚያዝበት አካባቢ በባትሪ መብራት እዩት። አሸዋና ድንጋይ ሲጭን የኖረ መኪና የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፤ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ብየዳ ካገኛችሁ ቀለሙን ፋቁት። ጎማው ጎን ላይ የተመቱት አራት አሃዞች ዕድሜውን ይናገራሉ፦ 2315 ማለት በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ ከፊት አታድርጉ። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ። ለቴፕ ብለው ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስመር የሳቡበት ከሆነ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይደክማል፣ ሌላውንም ይዞ ይሞታል።

የራዲያተሩ ክዳን

ብዙ ሰው የሚንቀው ይህን ነው። ወደ ደጋ በወጣችሁ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ 80 ዲግሪን አለፍ ሲል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ሜዳ ላይ ላያስታውቅ ይችላል፣ ደብረ ሲና ሳይደርስ ግን ያንተከትካል። ኮምቦልቻ ላይ እያላችሁ አዲስ ግዙ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከዋናው ጋር አንድ ይሁን።

ቴርሞስታቱንም ጠይቁ። ቆላ የሚሠሩ ብዙ ሹፌሮች ሞተሩ እንዳይሞቅ ብለው አውጥተው ይጥሉታል። እንዲህ ያለ መኪና የደብረ ብርሃን ብርድ ሲያገኘው በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍጣ ያባክናል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

መንገዱ

ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን በዚያው ዕለት ከወዲያ ከመጡ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ማለዳ ተነሱና በፀሐይ ግቡ። የማታውቁትን መኪና በማታ አትንዱ። ሦስተኛ ወገን መድኑና ቦሎው ያላለፈበት፣ ሹፌሩም ለመኪናው የሚመጥን የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ያለው ይሁን።

ሁለት የናፍጣ ፊልትሮ፣ 5 ሊትር የሞተር ዘይት፣ 1 ሊትር የፍሬን ዘይት፣ 20 ሊትር ውሃ፣ ትርፍ የፋን ቺንጋ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ጎማ ሥር የሚገባ ሁለት ታኮ ያዙ። ባዶ ኤን ፒ አር ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሊትር ናፍጣ ስለሚበቃው አንዴ ሞልታችሁ ተነሱ።

ከሚሴ ስትደርሱ ቁሙ። የጎማዎቹን መሐል በእጃችሁ ዳስሱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ተበልቷል። የጎማ ዳዶዎቹን አጥብቁ። በአሮጌ አይሱዙ የግራ ጎማ ዳዶዎች ብዙ ጊዜ ግልብጥ ጥርስ ናቸው፤ የሚጠብቁት ወደ ግራ ስለሆነ ረዳቱ ሳያውቅ ታግሎ እንዳይሰብራቸው ንገሩት።

ሮቢት ላይ ሞተሩ ሲበርድ ውሃና ዘይት እዩ። ሽንኩርት ጭናችሁ እንድትገቡ የሚጎተጉት ነጋዴ ይመጣል፤ እንቢ በሉ። የመጀመሪያውን ዳገት በባዶ ውጡ።

ከሮቢት ደብረ ሲና 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይጨምራል። ሞተሩ ሳይጨነቅ በጊዜ ማርሽ ቀንሱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ መቀነሱና ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ከአየሩ መሳሳት ነው፤ በዚህ ምክንያት የናፍጣ ፖምፓውን አታስፈቱ። የሞተሩ ሙቀት ከፍ ካለ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ታኮ አስገቡ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ ጥቂት ደቂቃ ይዙር። ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ሞተሩ ሳይሞቅ እየደከመ ሄዶ ጥቂት ሲያርፍ ነፍስ ከዘራ ችግሩ ከናፍጣው ነው። ለወራት የቆመ መኪና ታንከሩ ሥር ዝቃጭ ያጠራቅማል፤ መንገዱ ሲያናውጠው ተነሥቶ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። አዲሱን ፊልትሮ ናፍጣ ሞልታችሁ እሰሩ፣ የአየር ማስወጫውን ብሎን አላሉ፣ አረፋ የሌለው ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ፓምፑ ግፉ፣ ብሎኑን አጥብቁና አስነሱ። አየር ከቀረ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ድገሙት።

በክረምት ጣርማበር ላይ ጉም ስለሚወርድ የፊት መብራቱ ሁለቱም መሥራቱን ደብረ ሲና ላይ አረጋግጡ። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ወደ ሮቢት ወይም አጣዬ የምትወርዱ ከሆነ፣ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ላይ ብቻ ተኝቶ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራውን ያግላል፤ ውሃ የጠጣ አሮጌ የፍሬን ዘይት ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ከገባ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹንና የፍሬን ዘይቱን ለውጡ፣ ታንከሩን አሳጥቡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስላለ በራዲያተሩ ተራ ውሃ ፈንታ ኩላንት ይሙላ። የማስነሻ ማሞቂያዎቹንም አስፈትሹ፤ ቆላ ላይ ቢቃጠሉም ልብ የሚላቸው የለም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ጠዋት ሞተሩ እንቢ ይላል። ፋይሉ ተዛውሮ ሊብሬው በስማችሁ እስኪወጣ የውሉን ኮፒ ጋቢና ውስጥ ያዙ፤ ዋናው ቤት ይቀመጥ።