ጠቦቶች በዩሪያ የታከመ ጭድ እምቢ ሲሉ

ጡት የተዉት ጠቦቶች ጭዱን አሽትተው ይመለሱ ነበር። የሚያባርራቸው ከዩሪያው (ከናይትሮጅን ማዳበሪያው) የሚወጣው፣ ገና ያልተነነው አሞኒያ የተባለ ሽታው የሚከረፋ ጋዝ ነው። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ጉድጓድ ውስጥ 100 ኪሎ ጭድ ላይ በየንብርብሩ እየተረጨና እየተረገጠ አየር በማያስገባ ላስቲክ ለ21 ቀን ይታፈናል። ከጉድጓዱ እንደወጣ ግን አይሰጥም፤ ማታ ወጥቶ ጥላ ሥር በስሱ ተበትኖ ያድራል። መጀመሪያ ሩቡ ብቻ የታከመ፣ የቀረው ተራ ጭድ ይሁን፤ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉው ይደረሳል።

አበላላቸውን የሚለውጠው ከዩሪያው የሚገኘው ናይትሮጅን ነው። ተራ ጭድ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ጭዱን የሚፈጩት የጨጓራ ረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ ያጣሉ፤ ያልተፈጨው ጭድ ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ጠቦቱ ሳይጠቀም ይጠግባል። ናይትሮጅኑ ሲሟላ ጭዱ ቶሎ ተፈጭቶ ከሆዱ ያልፋል፣ ጠቦቱም ደጋግሞ ወደ ገንዳው ይመጣል። ለተሕዋስያኑ ጉልበት ጥቂት ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) ወይም ፍሩሽካ ይጨመርበት።

ያልሟሟ የዩሪያ ጓል ይገድላል! የሚንቀጠቀጥ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ሆዱ የተነፋ ጠቦት ከታየ መኖውን አንስቶ ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ማጠጣት፣ ወዲያው ሐኪም መጥራት ነው። ጨጓራው ላልጠና፣ ገና ለሚጠባ ግልገል ጨርሶ አይሰጥም።