ሊጡ ለምን ጠነከረ? ዱቄትን ከኩባያ ወደ ግራም ስንቀይር የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄው

እርሾው ሕያው ነው፣ ዱቄቱ አልነቀዘም፣ ምድጃው በደንብ ግሏል፤ ዳቦው ግን እምቢ ብሏል። እንዲህ ከሆነ ልኬቱን ፈትሹ።

ምልክት፦ ሊጡ እጅ ይታገላል፣ ድፎው ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ሲቆረጥ ይፈረፈራል

ደሴም ሆነ ወልድያ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ይሄ ነው። መንስኤውም ያው አንድ ነው፦ ኩባያው ውስጥ የገባው ዱቄት ከታሰበው በልጧል።

ውሃ አይታመቅም፣ ዱቄት ግን ይታመቃል። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በተነፋ ፉርኖ ዱቄት ቀስ ተብሎ ሲሞላ 115 ግራም ገደማ ይይዛል። ዱቄቱ ሳይነፋ፣ በሹካ ተበታትኖ በማንኪያ ከተጨመረ ከ120 እስከ 125 ይሆናል። ኩባያው ራሱ ጆንያው ውስጥ ገብቶ ከዛቀ ከ140 እስከ 150 ይደርሳል። ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ካደረጋችሁትማ ከዚያም ያልፋል። ክምር አድርጎ መስፈርን ጭራሽ አታስቡት።

ይህ ምን ያህል እንደሚያበላሽ በሒሳብ እንየው። አሠራሩ 8 ኩባያ ዱቄትና 650 ሚሊ ሊትር ውሃ ይላል እንበል። የጻፈው ሰው ያሰበው ኩባያውን በ125 ግራም ነው፤ 1 ኪሎ ዱቄት ማለት ነው፣ ውሃው ደግሞ የዱቄቱ 65 በመቶ። ኩባያውን ጆንያ ውስጥ እየከተተ የሚዝቅ ሰው ግን 1,200 ግራም ያስገባል። ውሃው ወደ 54 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ውሃ ለስላሳ ድፎ አይወጣም። ለመውሊድ ወይም ለሠርግ በ40 ኩባያ ሲቦካ ደግሞ ትርፉ ሙሉ 1 ኪሎ ዱቄት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት እርሾ መጨመር ነው። እርሾ አትጨምሩ። የጎደለው ውሃ ነው። ለዚህ ምሳሌ 130 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ በእጅ እየነከራችሁ ቀስ በቀስ አስገቡ፤ ጨውም ከዱቄቱ አንጻር ስለሚያንስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉበት። ኮባው ላይ ከተዘረጋ በኋላ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ሁለት ሴቶች ከአንድ ጆንያ እየሰፈሩ የአንዷ ሊጥ ለስልሶ የሌላዋ ሲደርቅ፣ ቶሎ የሚወቀሰው ዱቄት ሻጩ ነው። መጀመሪያ ግን አሰፋፈራቸውን እዩ፤ አንዷ በማንኪያ ትሞላለች፣ ሌላዋ ትዝቃለች። ሌላም አለ፦ ተደራርቦ የከረመ ጆንያ ከታች የታመቀ ነው፣ ገና ከወፍጮ የመጣ ዱቄት ደግሞ የተነፋፋ ነው። አንዱን ጆንያ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች የሚሰፍር ሰው ቀን በቀን የተለያየ ሊጥ ቢያወጣ አይግረመው።

መፍትሄ

ሚዛን ካለ ነገሩ አለቀ። ሳህኑን አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉ፣ ዱቄቱን ጨምሩ።

ሚዛን ከሌለ መጀመሪያ የኩባያችሁን ይዘት እወቁ። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሙሉ ውሃ ኩባያውን ሁለት ጊዜ ልክ እስከ አፉ ከሞላው 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የሻይ ብርጭቆም ሲኒም ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሳትለኩ አትመኑት። በገበያ የሚሸጠው የፕላስቲክ መስፈሪያ ጎኑ ላይ «ዱቄት» ብሎ በግራም ያሰመረው መስመር ደግሞ ፈጽሞ አይታመንም፤ አምራቹ እናንተ ዱቄቱን እንዴት እንደምትጨምሩ አያውቅም።

ቀጥሎ ሱቅ ሄዳችሁ ልክ 1 ኪሎ ዱቄት አስመዝኑ። ቤት ስትደርሱ በሹካ በትኑት፣ በማንኪያ እየጨመራችሁ ኩባያውን ሙሉ፣ ሳትመቱትና ሳትጫኑት በቢላ ጀርባ አስተካክሉት፣ ስንት ኩባያ እንደወጣ ቁጠሩ። 1,000ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። 8 ከወጣ ኩባያችሁ 125 ግራም ነው፤ 7 ከወጣ 143። ቁጥሩን ዱቄት ማስቀመጫው ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ 500 ግራም የሚል አሠራር ሲመጣ 500ን ለዚህ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። አሰፋፈራችሁን ከቀየራችሁ ግን ቁጥሩም አይሠራም።

ይህ ቁጥር የፉርኖ ዱቄት ብቻ ነው። ለጤፍ፣ ለገብስ፣ ለበቆሎ አትጠቀሙበት፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ቁጠሩ። ከነፉርሽካው የተፈጨ ስንዴ ክብደቱ ቢገጥም እንኳ የበለጠ ውሃ ይጠጣል።

ምልክት፦ ዱቄቱ ልክ ነው፣ ኬኩ ግን ጣፋጭነቱ ወይም ዘይቱ ልክ አይደለም

የዱቄትን ቁጥር ለሁሉም ተጠቅማችኋል። 240 ሚሊ ሊትር በያዘ ኩባያ ስኳር 200 ግራም፣ ዘይት 220 ገደማ፣ ውሃ 240 ነው። ሌላው መንስኤ የኩባያ መደባለቅ ነው፦ የአሜሪካ ኩባያ 240 ሲሆን ሌላ ቦታ 250 የሚጠቀሙ አሉ። ሁሉም ነገር በአንድ ኩባያ ከተሰፈረ መጠኑ አይዛባም። የሚዛባው ግማሹ በግራም፣ ግማሹ በኩባያ ሲሆን ነው።

ምልክት፦ ኮምቦልቻ ላይ የሠራ አሠራር ደሴ ላይ ኩፍ ብሎ ይሟሽሻል

ይሄ የልኬት ችግር አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጥ ቶሎ ይነሳል። ዱቄቱን አትንኩ፤ እርሾውን ሩብ ያህል ቀንሱና ሰዓት ሳታዩ ሊጡ እጥፍ ሲሆን ጋግሩ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

በክረምት ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ ከውሃው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ አስቀርታችሁ ጀምሩ። ሚዛኑ ቁጥሩን ከቀያየረ ባትሪው ደክሟል ወይም የተቀመጠበት ቦታ ይወዛወዛል። የወጥ ቤት ሚዛን 2 እና 3 ግራምን በትክክል ስለማያነብ እርሾን በሻይ ማንኪያ ስፈሩ፤ አንዱ 3 ግራም ገደማ ነው።