ፎቶው ለምን እንዲህ ወጣ? በቤት የተሠራ የስቱዲዮ መብራት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ብቸና፣ የትም ብትሄዱ ኪራይ ቤቱ ውስጥ አንድ ጥግ ለይቶ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት አታጡም። አንዱ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። ሌላዋ በቴሌግራም የምትሸጠውን የሀበሻ ቀሚስ ታነሳለች። ክርስትና አለ፣ ልደት አለ፣ ምርቃት አለ። መሣሪያው ጥቂት ኤልኢዲ አምፖል፣ ነጭ ጨርቅና ዘንግ ነው። በዚህ ብቻ ደንበኛ የሚያኮራ ፎቶ ይነሳል።

ፎቶው አልጥም ሲል ግን ብዙው ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ “መብራት አነሰኝ።” ሄዶ ሌላ አምፖል ይገዛል። ፎቶው ግን ያው ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የተበላሸው የመብራቱ ቦታ፣ የመብራቱ ስፋት ወይም የግድግዳው ቀለም ነው። እነዚህን ለማስተካከል ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን ረጋ ብላችሁ እዩት። ችግሩን ራሱ ይናገራል።

ዕቃውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከ12 እስከ 15 ዋት የሆኑ፣ ቀለማቸው አንድ ዓይነት የሆነ አምፖሎች። በእንጨት ፍሬም የተወጠረ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ነጭ ጨርቅ። ማቆሚያውን ከቀርከሃ ብትሠሩት እመርጣለሁ። በእንጅባራ ዙሪያ ቀርከሃ እንደ ልብ ነው፤ ቀላልም ጠንካራም ነው። ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ አቁማችሁ አሸዋ ሙሉበት፤ አይወድቅም። ብርሃን መላሹ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ጨለመው የፊት ጎን የሚመልሰው፣ ደግሞ አሉሚኒየም ፎይል የተለበጠ ሰፌድ ወይም ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ይሁን።

ፊት ላይ ሹል ጥላ፣ ግንባር ላይ የሚያብለጨልጭ ነጥብ

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። የአፍንጫው ጥላ ጉንጭ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ግንባሩ ወዝ የተቀባ ይመስላል። ብዙዎች ደንበኛውን “ፊትህን ተጠረግ” ይሉታል፤ ወይ ፓውደር ይቀቡታል። የፊቱ ጥፋት አይደለም። ምክንያቱ የመብራቱ ትንሽነት ነው። ትንሽነት ስል ዋቱን ማለቴ አይደለም፤ ከፊቱ አንጻር ያለውን ስፋት ነው። ራቁቱን የተሰቀለ አምፖል ምንም ያህል ቢያበራ ስፋቱ የእንቁላል ያህል ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲደፍን መሬት ላይ ጥላ ታያላችሁ? አታዩም። ፀሐይዋ ያችው ናት፤ ደመናው ግን ብርሃኗን በሰማዩ ሙሉ ዘርግቶታል።

መፍትሄው ደመናውን መሥራት ነው። የተወጠረውን ጨርቅ በአምፖሉና በሰውየው መካከል አቁሙ። አምፖሉን ከጨርቁ ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት። ጨርቁን በሰውየው በኩል ሆናችሁ ስታዩት መሃሉ ብቻ ሳይሆን ጠርዙም መብራት አለበት። ከዚያ ጨርቁን ወደ ሰውየው አስጠጉት፤ አንድ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “እንዳይከብደው” ብሎ ጨርቁን ሦስት ሜትር ያርቀዋል። ሲርቅ ጨርቁም መልሶ ትንሽ ይሆናል፤ ሹሉ ጥላ ይመለሳል።

ጨርቁ ምን ይሁን? ነጭ አንሶላ ይሠራል። ነጠላ ስስ ስለሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ጥለቱ ግን ብርሃኑ ከሚያልፍበት ውጭ ይዋል። ጋቢ ወፍራም ነው፤ ብርሃኑን ይውጠዋል። የወየበ ጨርቅ ደግሞ ፊትን ያወይባል፤ ነጭ መሆኑን ከአዲስ ወረቀት ጋር አስተያዩ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሰፊ ብርሃን የሚሠራውን ውበት ደግሞ እዩት። ያ የሚያስጠላ ነጥብ ተዘርግቶ የጉንጭንና የግንባርን ቅርጽ የሚያሳይ ለስላሳ ወዝ ይሆናል። ፊትን በፓውደር ከማንጣት ይህን መልመድ ይሻላል። የሰው ፊት በራሱ ቀለም ሲያምር የማየትን ያህል ደስ የሚል ነገር የለም።

አንዱ ጉንጭ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆነ

ግድግዳችሁን እዩ። አገራችን ውስጥ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀባ ክፍል ብዙ ነው። ብርሃኑ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ኮርኒሱም እንደዚያው ነው፤ ባለቀለም ላስቲክ ወይም ጆንያ ከተወጠረበት ቀለሙ ፀጉርና ግንባር ላይ ያርፋል። ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያሳይ የሚደረገው ማስተካከያ፣ ይሄን አያስተካክልም። አንዱን ጉንጭ ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል።

በሰውየው ጎን ያለውን ግድግዳ በነጭ አንሶላ ሸፍኑ። ያገለገለ የማስታወቂያ ባነር ካገኛችሁ ጀርባው ነጭ ነው፤ ጉንጩ የሚጨልም ከሆነ ያው ባነር ብርሃን መላሽ ሆኖም ያገለግላል። ቤቱ የናንተ ከሆነ አንዱን ጥግ ነጭ ቀቡት። ከሁለት አምፖል ዋጋ ይልቅ አንድ ጣሳ ቀለም ብዙ ይሠራል።

ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ

በመስኮት የቀን ብርሃን ይገባል፤ ከላይ ደግሞ ቢጫ አምፖል በርቷል። የቢጫው አምፖል ቀለም ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ነው፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የቀን ብርሃን 5500 አካባቢ ነው። ነጩ አምፖል ላይ ብዙ ጊዜ 6500 ተብሎ ተጽፏል። ካሜራው አንዱን ነጭ ካደረገ ሌላው መበላሸቱ አይቀርም። ምረጡ፤ ወይ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዱ፣ ወይ አምፖሉን አጥፉ። የጣሪያውን አምፖል ማጥፋትም አትርሱ። ከዚያ ሰውየው ነጭ ወረቀት ይያዝና ዋይት ባላንሱን በሱ አስተካክሉ።

ልብስ ለምትሸጡ አንድ ነገር ልጨምር። ቀዩ ጥለት ፎቶው ላይ ቡናማ መስሎ ከወጣ ዋይት ባላንሱ ላይሆን ይችላል። ርካሽ ኤልኢዲ ቀይን በደንብ አያሳይም። ካርቶኑ ላይ “ሲአርአይ” (CRI፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ) የሚል ቁጥር ካለ 90ና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ። ካጣችሁ ጥለቱን በመስኮት ብርሃን አንሱት። ገዢዋ በፎቶ ያየችው ቀለምና የደረሳት ቀለም ካልገጠመ ሁለተኛ አታምናችሁም።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች፣ ቪዲዮው ላይ ብልጭ ድርግም

የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በዚህ ኃይል የሚሠራ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራው ግን ያየዋል። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ስልክ ላይ ከሆነ ፕሮ የሚለውን ገብታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የቪዲዮው ማስተካከያ ውስጥ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ምርጫ ካለ 50ን ያዙ።

አምፖል ስትገዙ ባለሱቁ መሥራቱን ለማሳየት ያበራላችኋል። ያኔ ስልካችሁን አውጡ። ሹተሩን 1/1000 አድርጋችሁ የበራውን አምፖል በቅርብ አንሱት። መስመር ካሳየ ሌላ ዓይነት ጠይቁ።

ብልጭታው ዓይን የሚያየውና ሥርዓት የሌለው ከሆነ ግን ሌላ ችግር ነው። ወይ ኃይሉ ወርዷል፣ ይህም ማታ ማታ ያጋጥማል፤ ወይ አምፖሉ ሆልደሩ ውስጥ አልጠበቀም። መብራቱን ከማከፋፈያው ነቅላችሁ አጥብቁት። ሆልደሩ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ ጣሉት። የላላ ሽቦ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ነጩ ልብስ ነዷል፣ ወይም ፊቱ ጠቁሯል

ጎጃም ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይህን ችግር ሳይፈታ መኖር አይችልም። ጥር ሠርግ ነው፣ ጥምቀት ነው። እናቶች በነጭ ቀሚስና ነጠላ፣ ካህናት በነጭ ጥምጣም ይመጣሉ። ካሜራው የሚያየው ሁሉ በአማካይ ግራጫ እንዲሆን ነው የሚለካው። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ሲሞላው “በዛ” ብሎ ያጨልመዋል፤ ፊት አብሮ ይጠቁራል። ከኋላ ጥቁር መጋረጃ ሲኖር ደግሞ ያደምቀዋል፤ ነጠላው ነዶ፣ ማለትም ከልክ በላይ ነጥቶ፣ ሽመናው ይጠፋል።

መጀመሪያ መለኪያውን ከካሜራው ተረከቡ። ስልኩ ላይ ጣታችሁን ፊቱ ላይ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ይቆለፋል። ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። ነጠላው ላይ የክሩ መስመር መታየት ሲጀምር አቁሙ። ፊቱ ትንሽ ቢጨልም ፎቶው ከተነሳ በኋላ ማድመቅ ይቻላል፤ የነደደ ነጭ ግን አይመለስም።

ቀጥሎ ብርሃኑን አከፋፍሉ። መብራቱ ከፊቱ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ከመብራቱ በታች ካርቶን ሰቅላችሁ ደረትና ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ቀንሱ፤ ፊቱ ግን ሙሉውን ያግኝ። ካርቶኑ ወደ ጨርቁ በቀረበ ቁጥር የጥላው ጠርዝ ለስላሳ ይሆናል። ነጠላው ራሱ ደግሞ ይረዳችኋል። ትከሻና ደረት ላይ ያለው ነጭ ብርሃኑን ወደ አገጭና ዓይን ሥር ይመልሳል። እናቶች ነጠላ ለብሰው ሲነሱ ፊታቸው ከታች የሚበራው ለዚህ ነው፤ እነሱ ጋ ብርሃን መላሹ ፎይል አያስፈልግም።

ከጀርባ ጥቁር ጥላ

ለጉርድ ፎቶ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ሰውየው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለተቀመጠ ነው። ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ወደፊት አምጡት፤ መብራቱንም ከፍ አድርጉት። ጥላው ወደ ታች ወርዶ ከፍሬም ይወጣል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በሰያፍ ተጠቀሙ። ሦስት በአራት የሆነ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ አምስት ሜትር ነው፤ ጀርባውን ጥጉ ላይ በተወጠረ አንሶላ ሥሩት። ጥላው አሁንም ካለ አንድ አምፖል ከወንበሩ ጀርባ ደብቃችሁ ወደ አንሶላው አዙሩ።

መነጽር ላይ የመብራቱ ምስል ከታየም መፍትሄው ተመሳሳይ ነው። መብራቱን ከፍ፣ ወደ ጎን። ካልበቃ የመነጽሩን እጀታ ከጆሮ ላይ በጥቂቱ ከፍ አድርጉት።

ፎቶው ደብዝዟል፣ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል

ይሄኛው በእውነት የብርሃን ማነስ ነው። ካሜራው ሹተሩን ያዘገያል፣ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ወይም አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይሰቅላል፣ አሸዋው ይመጣል። ግን አሁንም ሱቅ አትሂዱ። መብራቱን አስጠጉ። ባዶ አምፖል ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ሲቀርብ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ጨርቅ ያለውም ሲቀርብ በደንብ ይጨምራል፤ ለስላሳነቱም አብሮ ይጨምራል። ስልካችሁን ወይም ካሜራችሁን በእጅ ከመያዝ ማቆሚያ ላይ አድርጉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ያኔ አምፖል ጨምሩ። ስድስት ባለ 12 ዋት አምፖሎች በድምሩ 72 ዋት ናቸው፤ ለደህና ማከፋፈያ ቀላል ጭነት ነው።

የግንባታ ቦታ ባለ 500 ዋት ሃሎጅን አምጥታችሁ ከጨርቅ ኋላ እንዳታቆሙ አደራ። እሳት ያስነሳል። ኤልኢዲም ቢሆን ጨርቁን አይንካ። ልጆች የሚሮጡበት ቤት ከሆነ ገመዱን ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፉት።

መብራት ጠፋ፣ መስኮቱ ግን ፀሐይ ያስገባል

የመስኮት ብርሃን ከማንኛውም አምፖል ይበልጣል። “የሰሜን መስኮት ቀጥታ ፀሐይ ስለማያገኝ ምረጡ” የሚለው ምክር ግን ከምድር ወገብ ለራቁ የሰሜን አገሮች የሚሠራ ነው። ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በእነዚያ ወራት ደመና በሌለበት ቀን የደቡቡ መስኮት የተሻለ ነው፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ የሰሜኑ። ያላችሁ አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ ያንኑ የተወጠረ ጨርቅ መስኮቱ ላይ አቁሙትና ሰውየውን በጎኑ አስቀምጡት።