ከሐምሌ ሳማ እስከ ጥቅምት እሸት፦ ጉልቱን እያዩ ማብሰል

ደብረ ብርሃን ላይ የባቄላ እሸት የሚገኝበት ጊዜ አጭር ነው። መስከረም ሲጋመስ ብቅ ይላል፤ ጥቅምት ሲያልቅ ቅርፊቱ ደርቆ አዝመራው ወደ አውድማ ይሄዳል። በዚህ መሃል ያልበላ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል። እኔ እንዲህ ያለውን ምግብ እወዳለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ ጠግቤ በልቼ፣ ሲያልቅ ደግሞ የምሰናበተውን። ዓመቱን ሙሉ ሽሮና ምስር እያፈራረቁ ለሰለቻቸው፣ በተለይ አዲስ ጎጆ ለወጡ ወጣቶች፣ ከደጃቸው የሚበቅለውን በየወቅቱ እንዴት አውቀው እንደሚያበስሉ የማውቀውን ልጻፍ።

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ቆላ ተወልጄ ደጋ አገባሁ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርጎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ያም ሆኖ ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ከታች ማንጎና ማሾ (ትንንሽ አረንጓዴ ፍሬ ያለው ጥራጥሬ) ይበቅላል። እኛ ዘንድ ገና ክረምቱ ሳይወጣ ከታች የበቆሎ እሸት ይደርሳል። ስለዚህ «የወቅቱ ምግብ ምንድን ነው?» ብላችሁ ስትነሱ የራሳችሁን መሬት ብቻ አትዩ። ከበላያችሁና ከበታችሁ ያለው አገር ምን እንዳደረሰም ጠይቁ።

መጀመሪያ የምታበስሉትን ወስናችሁ ገበያ መውጣቱን ተዉት። ዘንቢል ይዛችሁ ውጡና ያለውን እዩ። መማሪያው ደግሞ የሰፈር ጉልት ነው። ትልቁ ገበያ ላይ ከሩቅ በመኪና የተጫነው ሽንኩርትና ቲማቲም ቦታውን ይይዘዋል። ጉልት ላይ ግን ከከተማው ዳር በማለዳ በእግራቸው የመጡ እናቶች ከጓሯቸው የለቀሙትን በመደብ በመደብ አድርገው ያስቀምጣሉ። ከዚያው ጥግ ላይ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ነገር ካያችሁ እርሱ ነው ወቅቱ የደረሰው። እኔ ሁልጊዜ «እናቴ፣ ይህ የት በቀለ? መቼ ተለቀመ? እናንተ ቤትስ እንዴት ይበላል?» እላለሁ። ከመጨረሻው ጥያቄ የተማርኩት ከየትኛውም የምግብ አዘገጃጀት ይበልጣል።

ሐምሌና ነሐሴ የሳማ ነው። የድሃ ምግብ ነው፣ የችግር ጊዜ ነው እያሉ የሚንቁት አሉ። እኔ አልስማማም፤ በፍልሰታ ጾም ከሳማ ወጥ የሚሻለኝ የለም። ሲለቀም አበባ ያላወጣውን ምረጡ፤ ከእርሱም ጫፉን፣ ለስላሳውን ቅጠል ብቻ ቁረጡ። የጎማ ጓንት ከሌላችሁ እጃችሁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ። ሳማ የቤት ጥግና የከብት በረት አካባቢ ይወዳል፤ ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት አጠገብና ከመንገድ ዳር የበቀለውን እለፉት። በእንጨት ማንኪያ እያገላበጣችሁ ሁለት ሦስት ውሃ እጠቡት፤ ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ወዲያው ይጠወልጋል፤ ሲበስልም መለብለቡን ይተዋል። አምስት ደቂቃ ያህል ሲንፈቀፈቅ ቅጠሉን አውጡና በቢላ አድቅቁት፤ ውሃውን ግን አትድፉ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፤ ቅጠሉን ጨምሩ። አንድ ሁለት ማንኪያ የገብስ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፤ ቅጠሉ በበሰለበት ውሃ እያቀጠናችሁ ዱቄቱ እስኪበስል አማስሉት። ቀይ ሽንኩርት የሚጨምር አለ፤ አማቴ ግን ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቃሪያ ብቻ ነው የሚያውቁት። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ ቀይ ሽንኩርቱ ጣፋጭነቱን አምጥቶ የሳማውን የራሱን ጣዕም ይሸፍነዋል። በትኩስ የገብስ ቂጣ ይበላል።

የአበሻ ጎመን በዚሁ ሰሞን ጓሮው ሁሉ ይሞላዋል። የሚያስፈልገው ትንሽ ውሃ ነው፤ እስኪጠወልግ ድረስ ድስቱን ሳትከድኑ አብስሉት፣ አረንጓዴነቱን አይለቅም። አዲስ አበባ ላላችሁ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ጎመንና ሰላጣ ስትገዙ የት እንደበቀለ መጠየቅ ግዴታችሁ ነው። ከፋብሪካና ከቤት የሚወጣ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት ገበያ ውስጥ አለ። ማጠብና ማብሰል ጀርም ይቀንሳል፤ ተክሉ ከአፈሩና ከውሃው የመጠጠውን መርዛማ ብረት ግን አያወጣም። ደጃፋችሁ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልታችሁ አራት አምስት ችግኝ ብትተክሉ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል እርዳታ አይደለም።

የበቆሎ እሸት ከቆላው በነሐሴና በመስከረም ይወጣል። ጢሙ ጠውልጎ ቡናማ የሆነ፣ ልባሱ ግን ገና አረንጓዴ የሆነውን ፈልጉ። ፍሬውን በጥፍራችሁ ስትጫኑት ወተት ከወጣው ለቅቅል፣ ጠንከር ብሎ ሊጥ ከመሰለ ለጥብስ ነው። በተቆረጠበት ቀን ብሉት። ውሎ ሲያድር ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፤ ቆላ ማሳ ዳር በልቶ ያደገ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉርሻ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ባቄላው። እሸቱን ስትገዙ ቅርፊቱ ያልጠወለገ፣ ስታጎብጡት ቀጭ ብሎ የሚሰበር ይሁን። ጥቅምት ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ውርጭ የመታው ቅርፊት ይጠቁራል፣ ይልማል። እርሱን ተዉት። ሲፈለፈል ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው ፍሬ የሚሆነው፤ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ኪሎ እሸት ግዙ። ስትፈለፍሉ ፍሬው ከቅርፊቱ የተያያዘባትን ዓይኑን ተመልከቱ። ዓይኑ ገና አረንጓዴ ከሆነ ፍሬው ለጋ ነው፤ ከነልጣጩ በጥሬው ይበላል። ዓይኑ ጠቁሮ ፍሬው ካበጠ ግን ልጣጩ ጠንክሯል፤ ለአልጫ የሚሆነው ልጣጩ ሲነሳ ነው። እኔ ስፈለፍል ሁለት ሳህን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፦ ለጋው ለልጆች፣ የጎለመሰው ለድስት። የባቄላ እሸት የሚያሳምማቸው ሰዎችም አሉ። ከበላ በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ሰው ካለ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ዳግመኛም አይቅመሰው።

ለአልጫው፣ የጎለመሰውን ፍሬ የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነክራችሁ አውጡት፤ ልጣጩ በጣት ጫን ሲባል ሾልኮ ይወጣል። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ በዘይት አቁላሉ፤ እንዳይቀላ እሳቱን ቀንሱ። ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ባቄላውን ጨምሩ። ሙቅ ውሃ እፍሬው ላይ እስኪደርስ ብቻ አድርጉና ክደኑት። እርድ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልጨምርም፣ ያ አረንጓዴ መልኩ እኮ የዓመቱ ሁሉ ናፍቆቴ ነው። ሲበስል ከድስቱ አንድ አራተኛ ያህሉን በማማሰያ ጀርባ እሹት፤ መረቁ በራሱ ይወፍራል፣ ዱቄት አያስፈልገውም። ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ በመጨረሻ ይገባል። ጉልት ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ጤና አዳሙን ድስቱን ካወጣሽ በኋላ ጣል አድርጊበት፤ ቀድመሽ ከከተትሽው ይመራል» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ነው የማደርገው። አንድ ትንሽ ዘለላ ለአንድ ድስት ይበቃል፤ ሲቀርብ ይወጣል።

ለመብሰያው ሰዓት አትመኑ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ግን 96 ትጠጋለች። እናቴ ቤት ቶሎ የሚደርስ እህል እኔ ቤት ዘግይቶ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ያለ ሰው የጻፈውን ደቂቃ ደጋ ላይ ይዛችሁ አትቁጠሩ፤ አንድ ፍሬ አውጡና በሁለት ጣት ጫን በሉት፤ ከደቀቀ ደርሷል።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት ይህንኑ አልጫ በበግ አጥንት እሠራዋለሁ። የመንዝ በግ ደግሞ ቅርባችን ነው። አጥንቱን ከሽንኩርቱ ጋር ቀድማችሁ በለሆሳስ እሳት አብስሉት። ባቄላውን የምትጨምሩት ሥጋው ከአጥንቱ ሊለቅ ሲቃረብ ነው፤ አብሮ ከተጣደ ይፈርሳል። በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ያላችሁ ደግሞ የተላጠውን ፍሬ አጠንፍፋችሁ በከረጢት በረዶ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ለገና የወጣ የባቄላ እሸት እንግዳ ያስገርማል።

የገብስ እሸት የሚጠበሰው ፍሬው ሲጎረድ ወተት መሆኑን ትቶ እንደ ሊጥ ሲሆን ነው፤ ጥቅምት ውስጥ። ገበሬው ዛላውን እያሰረ ይሸጠዋል። ጭድ አንድዳችሁ ዛላውን በነበልባሉ ላይ አገላብጡ፤ ጢሙ ተቃጥሎ ይረግፋል፣ ፍሬው ይጠበሳል። ከተማ ውስጥ ለሆነ ሰው የከሰል ምድጃም ይሠራል፤ የጭዱን ጭስ ግን አያገኝም። በሰፌድ ላይ እንደሞቀ በመዳፍ እሹት፤ አበጥራችሁ ገለባውን አውጡ። ጨው ነስነስ፣ ቅቤ ጠብ አድርጋችሁ ብሉ። ሌላ ምንም አትጨምሩበት።

ኅዳር ሲገባ ደጋው ወደ አጨዳ ይዞራል፤ ከቆላው ደግሞ ማሾ ይወጣል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ወረዳ ገበሬው በስፋት ይዘራዋል፤ አብዛኛው ለነጋዴ ተሸጦ ስለሚሄድ የአገሩ ሰው እንኳ ማብሰሉን በደንብ አያውቀውም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ዘመድ ያመጣልኛል፤ ካልሆነም ደብረ ብርሃን ካሉ እህል ቤቶች እጠይቃለሁ። በሰፌድ ጠጠሩን ልቀሙለት፤ መዘፍዘፍ አይፈልግም። በርበሬ ይከብደዋል፤ ሽንኩርት፣ እርድና ብዙ ዝንጅብል ይስማሙታል። ውሃውን በአንድ ጊዜ አታብዙበት፤ ፍሬው መሰንጠቅ ሲጀምር ሙቅ ውሃ እየጨመራችሁ የምትፈልጉት ውፍረት ላይ አቁሙት። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚጠብቅ ከእሳት ስታወጡት ትንሽ ቀጠን ያለ ይሁን።