ጅማ ላይ ላፕቶፕ ሲገዙ፦ ከአምራቹ በቀጥታ ወይስ ከሱቅ?

እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው ዴል ስም ያወጣው ነጋዴን ዘሎ በቀጥታ ለተጠቃሚ በመሸጥ ነው፤ የአሜሪካው የሱቆች ሰንሰለት ዋልማርት መደርደሪያ ላይ የወጣው በ2007 ነው። ኤችፒና ሌኖቮ በአብዛኛው በአከፋፋይ ይሸጣሉ። ሂርማታ አካባቢ ካለ ሱቅ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ የማንኛውም ብራንድ ዕቃ በአስመጪና በአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ እጅ አልፎ ይመጣል። ስለዚህ ከዋጋ ክርክሩ በፊት ዋስትናውን ያጣሩ።

የፋብሪካ ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው ከአምራቹ ከወጣበት ቀን ነው። መጋዘን ውስጥ ስድስት ወር የተኛ «አዲስ» ላፕቶፕ ከአንድ ዓመት ዋስትናው ግማሹን በልቶ ይደርስዎታል። ዴል ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈውን ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ሰርቪስ ታግ እዚያው ሱቁ ውስጥ በስልክዎ የዴል ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ያሳያል። ለሌሎቹ ሲሪያል ቁጥሩን ይጠቀሙ።

ቀጥሎ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2ን (ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10ን፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1ን) ደጋግመው ተጭነው ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ ይግቡ። እዚያ ያለው ቁጥር ከሥሩ ካለው ጋር ካልገጠመ ወይ ክዳኑ ወይ ማዘርቦርዱ ተቀይሯል። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ባለሱቁ ካላወቀው ይተዉት፤ ብዙ ጊዜ የውጭ ድርጅት ተጠቅሞ የጣለው ነው። ዴል ላይ የባትሪው ጤንነትም እዚያው ይነበባል።

512 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 476 ቢል አልተታለሉም፤ አቆጣጠሩ ነው። ራሙን (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ግን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው በሚከፈተው መስኮት «ፐርፎርማንስ» በሚለው ስር ይዩ። በቀጫጭን ሞዴሎች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሚሆን በኋላ አይጨመርም።

ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት ከአምራቹ በቀጥታ ማዘዝ ይቻላል፤ ራምና ዲስክ መርጦ ማስገጠም የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው። የእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንዲመርጡና ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መሆኑን እንዲያዩ ይንገሯቸው። ዋስትናው ግን ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ይቀራል።

ባለሱቁ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ካለ የሚቀነሰው 15 በመቶው ቫት ነው፤ ማስረጃዎም አብሮት ይሄዳል። ደረሰኙ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን፣ የሱቁን ዋስትና በወር፣ እንዲሁም ዕቃው ለጥገና አዲስ አበባ ቢላክ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ያስጽፉ።