ኖይስ ካንስሊንግ ኢርበድ፦ ምን ልጠብቅ? እንዴትስ ልሞክረው?

መብራት ሲጠፋ ከቤቴ በታች ያለው ካፌ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ጄኔሬተሩ የቆመው ደግሞ ልክ ከመስኮቴ ሥር ነው። ኖይስ ካንስሊንግ ኢርበድ፣ ማለትም የአካባቢን ጫጫታ የሚቀንስ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማዳመጫ፣ የገዛሁት በእሱ ምክንያት ነው። ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ሳበራው ያ ሁሉ ጉምጉምታ ሄዶ ሄዶ ከሩቅ የሚሰማ ስስ ትርትርታ ሆነ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር መስማት ጀመርኩ። የሲኒ ኳኳታ፣ የአስተናጋጇ ሳቅ፣ ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ። እነሱ አልጠፉም። እንዲያውም ጄኔሬተሩ ውጧቸው የነበሩት ድምፆች አሁን ለየብቻ ጥርት ብለው ወጡ።

ብዙ ሰው ገዝቶ የሚያዝነው እዚህ ጋ ነው። "ድምፅ ያጠፋል" ሲባል ጭር ያለ ጸጥታ ይጠብቃል። ዕቃው ግን የሚሠራው በአንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ በጣም ጎበዝ ነው። ይህን አውቃችሁ ከገዛችሁ ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ አይቀርም።

1. የሚረብሻችሁ ምን ዓይነት ድምፅ ነው?

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ኢርበዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ። ውስጡ ያለው ቺፕ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ሠርቶ ወደ ጆሮ ይልካል። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ፓውል ሉግ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ቦዝ የተባለው ኩባንያ ለፓይለቶች የሚሆነውን ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ቀድሞ የፈለጉት ፓይለቶች መሆናቸው አይገርምም፤ የአውሮፕላን ሞተር ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ነው፤ ለዚህ ዘዴ የሚመቸውም እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ የሚረብሻችሁ ጄኔሬተር፣ የአውቶቡስ ሞተር፣ ቬንትሌተር ወይም ኤሲ ከሆነ ግዙ፤ ትደሰታላችሁ። የሕፃን ለቅሶ፣ የውሻ ጩኸት፣ ክላክስ ወይም የሰው ወሬ ከሆነ ግን ረገብ ይላል እንጂ አይጠፋም። ድንገት የሚመጣና ቀጭን ድምፅን ቺፑ በደንብ አይደርስበትም፤ እሱን የሚቀንሰው በዋናነት ጆሯችሁን የደፈነው ጎማ ነው። ከድምፅ ማጉያ የሚመጣ ነገር ደግሞ መሐል ላይ ነው፤ ድብ ድብ የሚለው ባስ ይቀንሳል፣ ቃሉ ይሰማል። ክፍል የሚጋራችሁ ሰው ስልክ ሲያወራ ማጥናት ካቃታችሁ፣ ኢርበዱን ካበራችሁ በኋላ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱበት። ወሬውን የሚሸፍነው ያ ነው።

2. ካርቶኑ ላይ አንዲቷን ፊደል እዩ

በዚህች ፊደል ሰው ሲታለል ሳይ ያንገበግበኛል። የምትፈልጉት ዕቃ ካርቶኑ ላይ "ኤኤንሲ" (ANC) ብሎ ይጽፋል። ብዙ ርካሽ ኢርበድ ላይ የተጻፈው ግን "ኢኤንሲ" (ENC) ነው። ሻጩ ለሁለቱም "ኖይስ ካንስሊንግ ነው" ይላችኋል። ኢኤንሲ የሚሠራው ለእናንተ ሳይሆን ስልክ ለምታናግሩት ሰው ነው። በማይክሮፎናችሁ በኩል የሚያልፈውን የአካባቢ ጫጫታ ይቀንስለታል፤ የእናንተን ጆሮ ከጄኔሬተር አያድንም። መጥፎ ነገር አይደለም፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

3. ሱቁ ውስጥ ያለ ሙዚቃ ሞክሩት

ሻጩ ቶሎ ብሎ ሙዚቃ ይከፍትላችኋል። አጥፉት። ሙዚቃ እየጮኸ ምንም መለየት አይቻልም። ቬንትሌተር ካለ እንዲያበራላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ሞተሩ ያልጠፋ ሚኒባስ የቆመበት በር አጠገብ ቁሙ። ከዚያ ካንስሊንጉን አብሩ፣ አጥፉ፣ እንደገና አብሩ። እውነተኛ ከሆነ ልዩነቱን ለማግኘት አትቸገሩም፤ ሞተሩ ከአጠገባችሁ ርቆ የሄደ ያህል ይሆናል። ቲክ የሚል ምልክት ብቻ ሰምታችሁ ሞተሩ እንደነበረ ከሆነ ዕቃውን መልሱ።

ታዋቂ ብራንድ መስሎ የተሠራ ኮፒ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። ኬዙን (ኢርበዱ የሚቀመጥበትንና ቻርጅ የሚሆንበትን ሳጥን) ስትከፍቱ ስልካችሁ ላይ የኦሪጅናሉ ምስል ብቅ ስላለ ብቻ አትመኑ፤ ኮፒዎቹም ያንን ያሳያሉ። የቬንትሌተሩን ፈተና ማለፍ ግን ብዙዎቹን ይከብዳቸዋል።

ካበራችሁት በኋላ ስስ "ሽሽሽ" ብትሰሙ ወይም አውሮፕላን ሲነሳ እንደሚሆነው ጆሯችሁ የተደፈነ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ ያጋጥማል። ብዙ ሰው በጥቂት ቀን ይለምደዋል። የማይለምደውም አለ፤ ራስ ምታት የሚያስነሳባችሁ ከሆነ በደረጃ የሚቀነስ ካንስሊንግ ያለውን ፈልጉ።

4. ጎማው ላይ ጊዜ ውሰዱ

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የምናገረው ይህን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የሲሊኮን ጎማዎች አሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የተገጠመለትን መካከለኛውን ይዞ ይቀራል። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል "ምን ዓይነት ደካማ ዕቃ ነው" ስል ቆየሁ። በኋላ አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም እያፈራረቅኩ ሞከርኳቸው። ቀኝ ጆሮዬ መካከለኛ ነው፤ ግራው ግን ትልቁን ነው የሚፈልገው። የሁለት ጆሮ መጠን የግድ አንድ አይደለም። የግራውን ስቀይር ሌላ ዕቃ የገዛሁ ነው የመሰለኝ።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ፣ በሌላ እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ከዚያ በቀስታ አዙሩት። አሁን ተናገሩ። የገዛ ድምፃችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ ይመስል ከታፈነ ገጥሟል። ጭንቅላታችሁን ነቅነቅ አድርጉ፣ አኝኩ፤ መላላት የለበትም። ሙዚቃ ስትከፍቱ ባሱ የሳሳ ከሆነ አየር እየገባ ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ ግጠሙ። አንዳንድ ብራንድ በራሱ አፕ ላይ መግጠሙን የሚፈትሽ ነገር አለው፤ ካለው ተጠቀሙበት። የሚያም ከሆነ ግን ትልቅ ነው፣ አትታገሉት።

5. አሁን ድምፁን ቀንሱ

ታክሲ ውስጥ ሰው ሙዚቃውን ጣሪያ የሚያስነካው ሞተሩን ለመብለጥ ነው። ሞተሩ ከጠፋ መጮኹ ምን ያደርጋል? እኔ ድምፁን ሁለት ሦስተኛ ላይ አድርጌ እሰማው የነበረውን አሁን ከግማሽ በታች እሰማዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ለልጆች 75 ነው። ድምፁ ከዚያ ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። እባካችሁ ይህን እርምጃ አትዝለሉት፤ በተለይ ለልጃችሁ የምትገዙ ከሆነ።

6. መንገድ ስታቋርጡ አጥፉት

አብዛኞቹ የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን የሚያስገባ ሌላ ሞድ አላቸው። መንገድ ላይ እሱን አብሩ፣ ወይም አንዱን ጆሮ አውልቁ። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ያለ ካንስሊንግም ድምፁ አይሰማ!

ነፋስ ባለበት ስትሄዱ "ፉፉፉ" የሚል ከሰማችሁ ማይክሮፎኑን የሚመታው ነፋሱ ነው፤ ያን ጊዜም ማጥፋቱ ይሻላል።

7. ባትሪውና ጉዞው

ካንስሊንግ ባትሪ ይበላል። በርቶ በአንድ ቻርጅ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ከሄደ ጥሩ ነው፤ ቀሪውን ኬዙ ይሞላል። ትንሿ ባትሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትደክማለች፤ መቀየርም አይመችም። ስለዚህ "አዲስ ነው ማለት ይቻላል" እየተባለ የሚሸጥ ያገለገለ ኢርበድ አልመክርም።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለሚበር ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ንገሩት፦ በብዙ አውሮፕላን ላይ ያለው የወንበር ስክሪን የሚቀበለው ባለ ገመድ ማዳመጫ ነው፤ ብሉቱዝ የለውም። ፊልሙን ከቤት ሳይወጣ ስልኩ ላይ ያውርድ።