ተነቃይ ጥርስ እንዴት ይለመዳል?

የታች መንጋጋ ጥርሴን አስነቅዬ "ከኋላ ነው፣ ማን ያየዋል" ብዬ ስድስት ዓመት ተውኩት። ከጎኑ ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ተጋደመ፤ ከላይ ያለውም የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ወረደ። በአንድ በኩል ብቻ ሳኝክ ሌላ ሁለት ሄደ፣ አንዱ የፊት። ጥብስ ትቼ ሽሮ ፍትፍት ላይ ወደቅኩ። የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ የተነሳሁት ፎቶ ላይ ሁሉ አፌ በጋቢ ተሸፍኗል።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለማስተከል አቅም ካለዎት እሰየው፤ እኔ ተነቃዩን፣ ማለትም ማታ የሚወልቀውን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አሠራሁ።

ጭንቁ መብላት ላይ ነው። ዳቦን በፊት ጥርስ ገምጦ መብላት ይርሱት፤ ጥርሱ ከኋላ ብድግ ይላል። በእጅ ትንሽ ትንሽ ይቁረሱ። ጉርሻውን አፍዎ ውስጥ ለሁለት ከፍለው በግራም በቀኝም አብረው ያኝኩ። በአንድ በኩል ካኘኩ በሌላው ይነሳል። እኔ ይህን እስክረዳ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ሳምንት የገንፎና የፍትፍት ነው፤ ከዚያ በደንብ የበሰለ ድንች፣ ቀጥሎ ደቅቆ የተከተፈ ሥጋ። ጎንደር ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ እምቢ የማይባል ጉርሻ ነው። እናቴን "እማዬ፣ ግማሹን" እያልኩ ለመንኳት።

ድድዎን ከቆረጠዎት በሞረድ አይሞርዱት። ሐኪሙ ይሞርደዋል፤ ቁስሉ የት እንደሆነ እንዲያይ ከመሄድዎ በፊት አንድ ቀን አድርገውት ይዋሉ።

ለንግግር፣ ብቻዎን ሆነው "ስልሳ ስድስት" እያሉ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። "ስ" ካልተፏጨ ደርሰዋል።

ማታ አውልቀው፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። ሲያጥቡ ከሥር ውሃ ያለበት ሳፋ ያድርጉ፣ ቢያመልጥዎት እንዳይሰበር። የፈላ ውሃ ግን በፍጹም! እኔ ጀርም ልገድል ብዬ ለቡና ከተጣደው ቀንሼ አፈሰስኩበት። ጠዋት ባደርገው አንዱ ጎን ተጣሞ አልገጥም አለ፤ እንደገና ከፍዬ አሠራሁ።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት ይሟሽሻል፣ ይበልጡን በመጀመሪያው ዓመት። ስለዚህ ተነቃዩ ጥርስ ሲላላብዎት በሱፐር ግሉ አይታገሉ፤ ውስጡን ያስሞሉት።

ቆሎ? በአራተኛው ወር ሞከርኩ። ገለባው ከሥሩ ገብቶ ከሰው መሀል ተነስቼ ጓሮ ሄድኩ። አሁን የምበላው ቤቴ ነው፣ በራሴ ጥርስ በኩል፣ ጎኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ።